የእህቴ ደም ነጭ ወጣ

እማዬ ሁለታችንንም በስማችን ጠርታን አታውቅም። እኔን «ድቡልቡሌ» ትለኛለች፣ ታናሼን ዩሪድያን ደግሞ «ቀጮ»። በሜክሲኮዋ ከተማችን ቶሬዮን ውስጥ እንዲህ መጠራራት የፍቅር እንጂ የስድብ አይደለም፤ ይህን አላጣሁትም። ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዷ በፍቅር ድቡልቡል፣ ሌላዋ በፍቅር ቀጭን ስትባል መስማት ምን እንደሚያደርግ የተባለ ብቻ ነው የሚያውቀው። ስሜ ሬይና ነው። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ዩሪድያ በአራት ዓመት ታንሰኛለች።

ቅናቴን አልደብቅም። እቀናባታለሁ። ልጆች ሆነን በእግሮቿ እቀና ነበር። ካደግን በኋላ በሆዷ ቀናሁ፤ ሦስት ቁራሽ ኬክ በልታ ተኝታ በማግስቱ እንደ ሰሌዳ ለጥ ብሎ ይነሳል። በአገጯ ሳይቀር ቀናሁ። እኔ በየማለዳው መስታወት ፊት ቆሜ አገጬ ላይ የበቀለውን ፀጉር በወረንጦ ስነቅል፣ እሷ ፊቷን በውሃ አበስ አድርጋ ትወጣለች።

ፀጉሩም፣ ውፍረቱም የመጣው ከአንድ ቦታ ነው። በሃያ ሁለት ዓመቴ የወር አበባዬ አምስት ወር ቀርቶ ሐኪም ዘንድ ሄድኩና ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ የሚባል የእንቁላል ማምረቻ ሕመም አለብሽ ተባልኩ። ዶክተር ቪያሬያል ደህና አድርጋ ነው ያስረዳችኝ። ኢንሱሊን በር ያንኳኳል፣ ሰውነትሽ ግን ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል፤ አልከፍትም ሲል ቆሽትሽ ሌላ ኢንሱሊን ይልካል፣ ሌላም ይጨምራል፤ ያ ሁሉ ኢንሱሊን ደግሞ እንቁላል ማምረቻሽን ያምሰዋል፣ የደምሽንም ቅባት ያበዛዋል አለችኝ። ቤት ገብቼ ይህንኑ ለእማዬ ነገርኳት። እማዬ እስከ መጨረሻው አዳምጣኝ «ታዲያ ትንሽ ምግብ ብትቀንሺስ?» አለች። ይኸው አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የምትለኝ ይህንኑ ነው።

ከባሌ ከኤፍራይን ጋር ልጅ ለመውለድ መሞከር ከጀመርን ሦስት ዓመት አልፎናል። ዶክተሯ የደም ቅባቴና ኢንሱሊኔ ሲወርድ እንቁላል የሚያስወጣውን ኪኒን አስጀምርሻለሁ ብላኛለች። ስለዚህ ዳቦ ትቻለሁ፣ ለስላሳ ትቻለሁ፣ ማታ ማታ በእግሬ እሄዳለሁ። ቁጥሩ ግን ይወርዳል፣ ይወጣል። የምሠራው ላቦራቶሪ ውስጥ ደም በመቅዳትና በመመርመር ስለሆነ የራሴን ደም በማሽን አሽከርክሬ ቅባቱን የማነበው ራሴ ነኝ። ሁለት መቶ ስልሳ። ሁለት መቶ አርባ። እንደገና ሁለት መቶ ስልሳ።

ጃንዋሪ ስድስት፣ የሦስቱ ነገሥታት ቀን፣ እንደ ሁልጊዜው እማዬ ቤት ሮስካ ሊቆረጥ ተሰበሰብን። ሮስካ እንደ ቀለበት የተጋገረ ትልቅ ጣፋጭ ዳቦ ነው፤ ውስጡ የጣት ጫፍ የምታህል የሕፃኑ ኢየሱስ አሻንጉሊት ተደብቃለች። ሁሉም በተራው ሰው እያየው የራሱን ይቆርጣል። ሕፃኑ የወጣለት ሰው ፌብሩዋሪ ሁለት፣ በካንደላሪያ ቀን፣ ለቤቱ ሁሉ በበቆሎ ቅርፊት ተጠቅልሎ የሚበስለውን የበቆሎ ሊጥ፣ ታማሌ፣ ያበላል። አምና የአጎቴ ልጅ ከዚህ ዕዳ ለማምለጥ አሻንጉሊቷን ጉንጩ ውስጥ ደብቆ ሊታነቅ ነበር።

እኔ ተራዬ ሲደርስ ወረቀት የሚያህል ስስ ቁራሽ ቆረጥኩ። እማዬ «ድቡልቡሌ፣ ሕፃኑን ፈርተሽ ነው ወይስ ዳቦውን?» ስትል ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቀጥሎ ዩሪድያ ቢላዋውን አሳረፈች፣ ቢላዋውም ቋ አለ። ሁሉም አጨበጨበ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ አሻንጉሊቷን ከዳቦው ፈልቅቃ መዳፏ ላይ አስቀመጠችና ሌላውን እጇን ሆዷ ላይ አደረገች።

«እማዬ፣ የወር አበባዬ ከቀረ ሦስተኛ ወሩ ነው። እርግጠኛ ልሁን ብዬ ነበር ዝም ያልኩት። እንግዲህ ይኸው፣ ሕፃኑ ራሱ ወጣ» አለች።

እማዬ አማተበች፤ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ዩሪድያን አቅፋ አልለቅ አለች። የዩሪድያ ባል ኦስባልዶ መጥቶ ሁለቱንም አቀፈ። እኔ ስስ ቁራሼን እንደያዝኩ ቆሜ እንኳን ደስ አለሽ አልኩ። ያለው አፌ ብቻ ነው። ውስጤ እየነደደ ነበር። እኔ ሦስት ዓመት ተርቤ ያጣሁትን እሷ እንኳ ሳታስበው፣ ቸኮሌት እየጠጣች አገኘችው። ወደ ቤት ስንመለስ ኤፍራይን እጄን ያዘኝ። ምንም ባለመናገሩ ተናደድኩበት፤ ቢናገርም እናደድበት ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ ማለዳ አንድ ሰዓት ላይ ዩሪድያ ላቦራቶሪው ደጃፍ በባዶ ሆድ ከተሰለፉት መካከል ቆማ አየኋት። እማዬ ሳትሰማ በደም መመርመር ፈልጋለች። ከትናንት ማታ ሾርባ በቀር አንዳች አልቀመስኩም አለች። ክንዷን በላስቲክ አሰርኩት። ደም ስሯ ወዲያው ብቅ አለ፤ የኔን ለማግኘት ግን ሦስቴ መውጋት ግድ ነው። ያኔም፣ መርፌ ይዤ እንኳ፣ ቀናሁባት።

ብልቃጡን ማሽከርከሪያው ውስጥ ከትቼ አሥር ደቂቃ ጠበቅኩ። ደም ሲሽከረከር ቀዩ ከታች ይቀርና ከላይ ቀለል ያለ ቢጫ ውሃ ይንሳፈፋል። ክዳኑን ስከፍት የዩሪድያ ቢጫ አልነበረም። ነጭ ነው። ወተት። ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አነሳሁት፤ ብርሃን አያሳልፍም።

የእርግዝናውን ምርመራ ሠራሁ፤ እርግዝና የለም። ከዚያ እሷ ያላዘዘችውን ሁሉ ሠራሁ። የቅባቱን መጠን መሣሪያው አላነብም ስላለኝ አቅጥኜ ደገምኩት። ትራይግሊሰራይድ ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባ። ጤነኛ ሰው ከመቶ ሃምሳ አይበልጥም። ስኳሯ ከፍ ብሏል፣ ኢንሱሊኗ ከኔ ይበልጣል። ሰውነቷ በር የማይከፍት ሰውነት ነው። የወር አበባዋም የቀረው በዚሁ ነው። የኔ በሽታ አለባት፤ በቀጭን ገላዋ ውስጥ ተሸሽጎ ነው እንጂ።

የተሰማኝን እንዳለ ልናገር። መጀመሪያ ደስ አለኝ። እርጉዝ አይደለችም ብዬ እዚያው ወንበሬ ላይ ተነፈስኩ። ወዲያው ግን ደስታው ወደ ንዴት ዞረ። በዚያ ቤት ውስጥ የኔ ብቻ የሆነ ነገር ቢኖር ይህ በሽታ ነው፤ የማላምርበት ምክንያት፣ ልጅ ያጣሁበት ምክንያት። አሁን እሱንም ልትወስደው ነው። እማዬ እሷን ትንሽ ብትቀንሺ አትላትም፤ ምን ትቀንስ? አጠገቧ ቁጭ ብላ ታለቅስላታለች። ያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ታየኝ።

ቅባት ከሺህ ካለፈ ቆሽት ሊቆጣ ይችላል፤ ሥራ በጀመርኩ በዓመቱ የተማርኩት ነገር ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ስናይ ወዲያውኑ ለአለቃችን ለኦፌሊያ እንነግራለን፣ በሽተኛውንም እንጠራለን። እኔ ለኦፌሊያ አልነገርኳትም። ብልቃጡን ቀዩ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣልኩና ለዩሪድያ ስልክ ደወልኩ። ደሙ ተበላሽቷል፣ ነገ መጥተሽ ብትደግሚው አልኳት።

«ተዪው ሬይና። ሕፃኑ ነግሮኛል፣ መርፌ ምን ያደርግልኛል?» አለች።

«እሺ» አልኳት።

እዚህ ከተማ ውስጥ በሮስካው ሕፃን እርግዝናዋን ያረጋገጠች እህቴ የመጀመሪያዋ አይደለችም፣ ስለዚህ ማንም አላረማትም። እኔ ግን ሌላ ነገር አስቤ ነበር። እማዬ ካንደላሪያ ቀን ለዘመዱ ሁሉ ልታበስር እንደሆነ ነግራናለች። ታብስር አልኩ። ዩሪድያም ከፍ ትበል፤ ከዚያ በሰው ሁሉ ፊት ምንም እንዳልነበረ ይታወቅ። አንድ ጊዜ እንኳ የእማዬ ፊት ለቀጮ ሲጠቁር ልየው። ሦስት ሳምንት ምን ያደርጋታል፣ ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ስትበላ ኖራ የለ እያልኩ ራሴን አሳመንኩ።

እማዬ ለሁለት ብዪ እያለች ትቀልባት ጀመር። ጠዋት በስኳር የጣፈጠ የበቆሎ አጥሚት፣ ቀን በአሳማ ሞራ የተጠበሰ ባቄላ፣ ማታ ጣፋጭ ዳቦ በወተት። አንድ እሑድ ዩሪድያ ከምሳ በኋላ ደረቷን ይዛ ሆዴን ያቃጥለኛል አለች። እማዬ ሕፃኑ ፀጉራም ስለሆነ ነው ብላ ሳቀች። እኔ ኪያሬን እየከተፍኩ ነበር። ያቃጠላት ምን እንደሆነ የማውቅ እዚያ ማዕድ ላይ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ መክተፌን ቀጠልኩ።

ካንደላሪያ ደረሰ። ዩሪድያና እማዬ ታማሌውን ሁለት ቀን ሠርተውታል። የበቆሎውን ሊጥ ከሞራ ጋር በእጅ ይመቱታል፤ ውሃ ላይ ሲጥሉት እስኪንሳፈፍ ድረስ ይመታል እንጂ አይተውም። የእማዬን ታማሌ በደንብ የሚያውቅ ሰው ከበላ በኋላ የሚያብረቀርቀውን ጣቱን ይልሳል። ሃያ ሰው የሚሆን ተሰብስቧል። እማዬ ቆማ አበሰረች፣ ሁሉም አጨበጨበ፣ ዩሪድያ ቀላች። አራት ታማሌ በላች። እኔ የምናገርበትን ሰዓት እየመረጥኩ ነበር፤ ቡና ሲቀርብ ይሻላል፣ አይ ሰው ሲረጋጋ ይሻላል እያልኩ።

ቡናው አልቀረበም። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን ዩሪድያ ሳህኗን ለቀቀችና ከወንበሯ እጥፍ ብላ መሬት ላይ ወረደች። አስመለሳት። ሕመሙ ከእምብርቷ በላይ ጀምሮ ጀርባዋን ይወጋታል። እማዬ ልጁ ልጁ እያለች ደረቷን ደቃች። ኦስባልዶ ተሸክሟት ሁለት መንገድ አልፎ ወዳለች ትንሽ የማዋለጃ ክሊኒክ ሮጠ። ነርሷ እርጉዝ ናት ሲሏት እግሯን ከፍ አድርጋ አስተኛቻት፤ አልትራሳውንድ የሚያየው ሐኪም በአንድ ሰዓት ውስጥ ይመጣል፣ እስከዚያ እንዳትንቀሳቀስ አለች። እማዬ ተንበርክካ መቁጠሪያዋን ይዛ መጸለይ ጀመረች።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። መጀመሪያ የፈራሁት እህቴ ትሞታለች ብዬ አይደለም፤ እማዬ ታውቅብኛለች ብዬ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ነበርኩ። ዩሪድያ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሎ ዓይኗን ፈለግ ፈለግ አደረገችና እኔ ላይ አሳረፈችው።

«ሬይና፣ አንቺ ታውቂያለሽ። ልጄን አድኚልኝ» አለች።

ሕክምና ከሚባል ነገር ጋር የምውል ከቤቱ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ነው እኔን የጠራችኝ። ሌላ ሐሳብ አልነበራትም።

«ልጅ የለም» አልኳት። «ከመጀመሪያውም አልነበረም። ደምሽን አይቼዋለሁ ዩሪድያ፣ ወተት ሆኗል። የታመመው ማህፀንሽ አይደለም፣ ቆሽትሽ ነው። ኦስባልዶ፣ አንሳት፣ ትልቁ ሆስፒታል ውሰዳት፣ አሁኑኑ። ትራይግሊሰራይዷ ከሁለት ሺህ በላይ ነው በላቸው።»

ነርሷ አየችኝ። ኦስባልዶ ምንም ሳይጠይቅ ዩሪድያን አነሳት። እማዬ ከተንበረከከችበት ሳትነሳ ነው ያናገረችኝ።

«መቼ ነው ያየሽው?»

«ጃንዋሪ ዘጠኝ።»

«ዛሬ ስንት ነው?»

ስንት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እማዬ ተነሥታ ተከትላቸው ወጣች፣ ኦስባልዶ በር ላይ ያስቆመው ታክሲ ውስጥ የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነበረ፤ በሩ ተዘጋና ሄዱ። እኔ ሃያ ሰው የበላበትን ማዕድ ለማንሳት ወደ እማዬ ቤት ተመለስኩ።

ዩሪድያ ሆስፒታል አሥራ አንድ ቀን ተኛች። የመጀመሪያዎቹን አራት ቀናት ማንም ትተርፋለች ብሎ አፉን ሞልቶ አልተናገረም። ከዚያ ሐኪሙ ቤተሰቡን ሰብስቦ በዘራችን ምን በሽታ እንዳለ ጠየቀ። አባታችን በአርባ አራት ዓመቱ በሆድ ሕመም ነው የሞተው፤ ሁላችንም መጠጥ ገደለው እንላለን። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀና መጠጡ ብቻ ላይሆን ይችላል አለ፤ የቅባቱ ነገር በዘር የመጣ ይመስላል፣ የኦቫሪው ሕመምና ኢንሱሊን አልሰማም የሚለው ሰውነት ደግሞ አባብሶታል። እማዬ ይህ በሽታ የወፍራም አይደለም እንዴ አለችው። አይደለም እሜቴ፣ ቀጭኑንም ይይዛል፤ ቀጭኗን ግን ማንም አይጠረጥራትም አላት። እማዬ ዞራ አላየችኝም። ከዚያን ቀን ጀምራ ሞራ የሚባል ነገር ቤቷ አልገባም፣ አጥሚቱም፣ ለስላሳውም ቀረ፤ ሐኪሙ የሚለውን ደብተር ላይ እየጻፈች ለዩሪድያ ለብቻዋ ታበስላለች። ለኔ በአሥራ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ያላደረገችውን።

እያፈርኩ ነው የምናገረው፣ በዚህም ቀናሁ። እህቴን ልገድላት ነበር፣ እኔ ግን ጥግ ቆሜ በአትክልት ሾርባ እቀና ነበር።

ለኦፌሊያ ሁሉንም ነገርኳት። ከማባረር ይልቅ መርፌ እንዳልነካ ከለከለችኝ፤ አሁን የምሠራው እንግዳ መቀበያው ላይ ተቀምጬ ስልክ በማንሳት ነው። ዩሪድያ ለምርመራ ወደኛ አትመጣም። በባዶ ሆዷ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ የከተማው ወዲያኛው ጫፍ ያለ ላቦራቶሪ ትሄዳለች። አላናገረችኝም። እኔም ይቅር በዪኝ ብዬ ሦስት ጊዜ ጻፍኩላት፣ አንብባዋለች፣ አልመለሰችም።

ሜይ ላይ የኔ የደም ቅባት ወረደ። መቶ ሰባ ስድስት። ዶክተር ቪያሬያል ፈገግ ብላ ኪኒኑን ጻፈችልኝ። ኤፍራይን አቅፎ ከመሬት አነሳኝ፤ እኔን ማንሳት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ያን ቀን ሙሉ ይህን ቁጥር ማን ቢሰማልኝ እንደምፈልግ ሳስብ ዋልኩ፤ የምፈልገው ዩሪድያን ነበር። እንድትቀናብኝ። አንዴ እንኳ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ዩሪድያ ናት። ከስታለች፤ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ አይቆምም። ግቢ አልኳት፣ አልገባችም። በእጇ የታጠፈ ወረቀት ይዛለች።

«እዚያ ላቦራቶሪ ወረቀቱን ሰጥተው ይሸኙኛል እንጂ አያስረዱኝም» አለች። «አንብቢልኝ።»

ወረቀቱን ተቀበልኩ። ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ አንድም ሳላስቀር አነበብኩላት፤ ስኳር ደህና ነው፣ ኢንሱሊን ገና ከፍ ያለ ነው ግን ወርዷል፣ ኮሌስትሮል ጥሩ ነው። ከዚያ ትራይግሊሰራይድ ጋ ደረስኩ። መቶ አርባ አንድ። ሦስት ወር። እኔ ሦስት ዓመት ተርቤ መቶ አርባ አንድን አይቼው አላውቅም። ያው የማውቀው ቅናት መጣብኝ፤ ቶሎ ዋጥ አደረግኩትና «በጣም ጥሩ ነው፣ ከኔም ይሻላል፣ እንኳን ደስ አለሽ» አልኳት። እውነቴን ነበር። ደስ ብሎኛል፤ ግን ደስታው ሁለተኛ ነው የደረሰው።

ዩሪድያ ወረቀቱን ልትቀበለኝ እጇን አልዘረጋችም።

«ድገሚው» አለች።

«የቱን?»

«ሁሉንም። ቅድም ፊትሽን ነበር የማየው፣ ቁጥሩን አልሰማሁትም።»

ወረቀቱን ወደ ፊቴ ከፍ አድርጌ ከመጀመሪያው መስመር ጀመርኩ።